ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ሥዕል፦ የጥንት የቤዝቦል ካርዶች ኪነ ጥበብ ናቸው ወይስ ማስታወቂያ?

የወረቀት ወዳጅ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ታዳሚዎች። በዚህ ክፍል ስለ ቴምብር፣ ስለ ድሮ የገንዘብ ኖቶችና ስለ ብራና መጻሕፍት ብዙ ጠቃሚ ነገር ተጽፏል። የአሜሪካ የቤዝቦል ካርዶች ግን ስማቸው የሚነሣው አንዱ በስንት ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ በተባለ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ ገንዘቡን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ስለ ሥዕሉ እንድንነጋገር ልጋብዛችሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ልናዘዝ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ቢሆንም ቤዝቦልን በወጉ አላውቀውም። የሥራ ባልደረቦቼ ሕጉን ሊያስረዱኝ ብዙ ደክመዋል፤ እኔም በየስታዲየሙ ብዙ አንቀላፍቻለሁ። ወደ ካርዶቹ የሳበኝ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ቀኑን ሙሉ ሥዕል ሳይ ውዬ ልወጣ ስል በመስታወት ሥር ተደርድረው ያገኘኋቸው፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጡ ትንንሽ ወረቀቶች ናቸው።

ከመካከላቸው ዓይኔን የያዙት ሰብሳቢዎች «ቲ206» የሚሏቸው ናቸው። አሜሪካን ቶባኮ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ ከ1909 እስከ 1911 ድረስ በየሲጋራ ፓኮው ውስጥ እየከተተ ያወጣቸው ሲሆን፣ ዓይነታቸው ከ500 በላይ ነው። ቁመታቸው 6.7፣ ወርዳቸው 3.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ካርዱ ወደ ፓኮው የገባበት አንዱ ምክንያት ሲጋራው እንዳይጨማደድ ነበር፤ ካርቶን ሆኖ ማገልገል ማለት ነው። በዚያች ካርቶን ላይ ግን ስሙን የማናውቀው ባለሙያ ነጭ ኅዳግ አበጅቶ፣ ከበስተ ኋላ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚታየውን ብርቱካንማ ሰማይ ወይም አንድ ወጥ አረንጓዴ መደብ ዘርግቶ፣ የተጫዋቹን ፊት በጥቂት ጥላዎች ብቻ አውጥቶታል። ታይ ኮብ የተባለው የዲትሮይት ተጫዋች በዚህ ስብስብ አራት ካርድ አለው፤ በሁለቱ የመምቻ ዱላውን ይዟል፣ በሁለቱ ደግሞ ፊቱ ብቻ ይታያል፣ አንደኛው በቀይ መደብ፣ ሌላኛው በአረንጓዴ። ሁለቱን የፊት ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው፣ መደቡ የፊትን ስሜት ምን ያህል እንደሚያዝዘው ይገነዘባል። ይህን ደግሞ ያሰበበት ሰው መኖር አለበት።

ሌላው ምክንያቴ ካርዶቹን ለሙዚየሙ የሰጠው ሰው ነው። ጄፈርሰን በርዲክ ይባላል፤ በሲራክዩስ ከተማ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ዕቃ ገጣጣሚ ነበር። ሀብት አልነበረውም፣ ትዳር አልያዘም፣ ቁርጥማት ደግሞ ጣቶቹን ቀስ በቀስ አስሮበት ነበር። በ1939 የመጀመሪያውን የካርዶች ዝርዝር አሳተመ፤ ዛሬም ድረስ የምንጠቀምበትን መለያ ያወጣው እሱ ሲሆን፣ «ቲ» የሚለው ፊደል የሃያኛው ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርድ መሆኑን ያመለክታል። ከ1947 ጀምሮ ስብስቡን ለሜትሮፖሊታን ማስረከብ ጀመረ፤ ከ300,000 በላይ ወረቀት ሲሆን፣ ከ30,000 በላይ የሚሆነው የቤዝቦል ካርድ ነው። የኅትመት ሥራዎች ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሃያት ሜየር አንድ ጠረጴዛ ሰጡትና፣ በርዲክ በማይታዘዙት ጣቶቹ አንድ በአንድ በአልበም ላይ እየለጠፈ ዓመታት ሠራ። በጃንዋሪ 1963 የመጨረሻውን ለጥፎ ተሰናበተ፤ በማግሥቱ ሆስፒታል ገባ፣ በማርች ዐረፈ። ለጨዋታው የተለየ ፍቅር አልነበረውም ይባላል። ያስጨነቀው በየቤቱ ወደ እሳትና ወደ ቆሻሻ የሚጣለው የታተመ ሥዕል ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ እነዚህን ካርዶች ኪነ ጥበብ ብንላቸው እንሳሳታለን?

---

ተጠራጣሪው

የወረቀት ወዳጅ፣ በርዲክን በሚመለከት የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ ነገር ግን የሰብሳቢው ቅንነት የተሰበሰበውን ዕቃ ኪነ ጥበብ አያደርገውም። ቆርኪን በቅንነት የሰበሰበ ልጅ በሠፈሬ ነበረ፤ እኔው ነኝ።

ካርዶቹን ያሳተመውን ድርጅት ማንነት አንርሳ። የጄምስ ዱክ የትምባሆ ኩባንያ ተፎካካሪዎቹን እየዋጠ የአገሪቱን ገበያ ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ የያዘ ስለነበር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1911 እንዲበተን የፈረደበት ነው። ቲ206 የተቋረጠውም በዚያው ዓመት ነው። ሥዕሉ የቀረበው ሰው ሲጋራ እንዲገዛ፣ ገዝቶም ያልደረሰውን ተጫዋች ፍለጋ ተመልሶ እንዲመጣ ነው። ሕፃናት በየትምባሆ መሸጫው በር ላይ ቆመው አጫሾችን ካርድ ይለምኑ ነበር። በካርዱ ጀርባ የሚነበበውም የሠዓሊ ስም ሳይሆን «ፒድሞንት»፣ «ስዊት ካፖራል» የሚል የሲጋራ ምልክት ነው።

ከዚህም ሌላ፣ አብዛኞቹ ሥዕሎች ከፎቶግራፍ የተገለበጡ ናቸው። የፒትስበርጉ ተጫዋች የሆነስ ዋግነር ዝነኛ ካርድ የተወሰደው ካርል ሆርነር የተባለ የቦስተን ባለሙያ ካነሣው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ የሌላ፣ ዓላማው የነጋዴ፣ እጁ ደግሞ ያልታወቀ ከሆነ፣ ኪነ ጥበቡ የቱ ጋ ነው ያለው?

---

አታሚው

ለጥያቄው የሚገባ መልስ ያለው እጁ ላይ ነውና ስለ እጁ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ በማተሚያ ቤት 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የእኔ ዘመን ማሽን ኦፍሴት ቢሆንም፣ መሠረቱ ቲ206 ከታተመበት የሊቶግራፊ ጥበብ አንድ ነው።

ሊቶግራፊ ቅባትና ውኃ አለመስማማታቸውን የሚጠቀም የኅትመት ዘዴ ነው። ባለሙያው በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ፣ በኋላም በዚንክ ሰሌዳ ላይ፣ ቅባት ባለው ቀለም ይሥላል፤ ድንጋዩ በውኃ ሲረጥብ ባዶው ቦታ ውኃውን ይይዛል፣ የተሣለበት ይገፋዋል፤ የኅትመት ቀለም ሲደረግበት ደግሞ ቀለሙ በተሣለው ላይ ብቻ ይቀመጣል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥዕሉ ባለ ብዙ ቀለም ሲሆን ነው፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። ቢጫው ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ፣ ሰማያዊው ለብቻ ተሥሎ፣ ወረቀቱ እንደ ቀለሙ ብዛት ደጋግሞ በማተሚያው ሥር ያልፋል። አንዱ ሰሌዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ የተጫዋቹ ከንፈር ጉንጩ ላይ ይታተማል። እንዲህ ያሉ ካርዶች በእርግጥም አሉ፤ ሰብሳቢዎችም ይወዷቸዋል፣ እኛ ግን በዘመናችን በእንዲህ ያለ ስሕተት ደመወዝ ይቆረጥብን ነበር።

ተጠራጣሪው «ከፎቶግራፍ የተገለበጠ» ያሉትን ልብ ይበሉት። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው። ብርቱካንማውን ሰማይ ፎቶ አንሺው አላየውም፤ ያመጣው የሰሌዳው ሠዓሊ ነው። አንድን ፊት በስድስት ሰሌዳ ለመክፈል፣ ገና ሳይታተም እያንዳንዱ ቀለም በሌላው ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚወልድ በአእምሮ ማየት ይጠይቃል። ይህን የሚችሉ ሰዎች በማተሚያ ቤታችን ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱንም «ጋሼ» እያልን ነበር የምንጠራቸው፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር።

ስሙ አልታወቀም ስለሚለውም፣ በአብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ካሉት የጥንት ሥዕሎች ስንቶቹ የሠዓሊያቸው ስም አለባቸው? ስም ስለሌለባቸው ዝቅ አድርገን አይተናቸው እናውቃለን?

በትንሽ ወረቀት ላይ ታላቅ ሰውን መሣል ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1894 ፓሪስ ውስጥ የታተመውን፣ ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ የቀረጸውን የዳግማዊ ምኒልክን ቴምብር ያስታውሱ። እሱም የተሠራው ለፖስታ ክፍያ ነበር።

---

የእሑድ ገበያ

በውይይታችሁ መካከል ስለ ገባሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ኦሃዮ ነው የምኖረው፤ ቅዳሜና እሑድ ሰዎች በግቢያቸው አሮጌ ዕቃ ሲሸጡ መዞር እወዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ አሮጌ የልብስ ስፌት ሣጥን ውስጥ የወረቀት ወዳጅ እንደ ገለጹት ያለ፣ ነጭ ኅዳግና ብርቱካንማ መደብ ያለው ትንሽ ካርድ አገኘሁ። ሣጥኑን የገዛሁት በስድስት ዶላር ነው። ካርዱ እውነተኛ ይሁን ፎርጅድ በምን ላውቅ እችላለሁ? አታሚውን ማስቸገሬ ካልሆነ።

---

የታሪክ መምህር

ካርዶቹ ኪነ ጥበብ ይሁኑም አይሁኑም፣ የአንድ ዘመን ምልክት መሆናቸው አያከራክርም። ምልክትን ስናነብ ግን ማን እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ማን እንደሌለበትም መጠየቅ አለብን። ቲ206 ከ500 በላይ ካርዶች አሉት፤ አንድም ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች የለበትም።

ይህ የሆነው ጥቁሮች ጨዋታውን ስለማይችሉ አልነበረም። ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከር የተባለ ጥቁር ተጫዋች በ1884 በከፍተኛው ሊግ ተጫውቷል። ከዚያ በኋላ ግን የቡድን ባለቤቶች በጽሑፍ ባልሰፈረ ስምምነት በሩን ዘጉት፤ እስከ 1947 ድረስም አልተከፈተም። ጥቁሮች በ1920 የራሳቸውን ሊግ አቋቁመው በሙሉ ስታዲየም ፊት ሲጫወቱ፣ የአሜሪካ የትምባሆና የማስቲካ ኩባንያዎች ፊታቸውን ሊያትሙ አልፈለጉም። ኦስካር ቻርልስተንን የመሰለ ታላቅ ተጫዋች በካርድ ላይ የምናገኘው ክረምቱን ሄዶ በተጫወተባት በኩባ ነው፤ በ1923 እና 1924 ገደማ «ቢሊከን» የተባለ የኩባ ሲጋራ አሳትሞታል። ጆሽ ጊብሰን ደግሞ በጃንዋሪ 1947፣ ያን የተዘጋ በር የከፈተው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ቡድን ከመሰለፉ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሞተ፤ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚታወቀው ካርዱ ከሞተ በኋላ በ1950 እና 1951 መካከል በፖርቶ ሪኮ የታተመ ነው።

አሁን አንድ ነገር አነጻጽሩልኝ። የወረቀት ወዳጅ እንደ ነገሩን ታይ ኮብ በቲ206 ብቻ አራት ካርድ አለው። በሜይ 2024 የቤዝቦል አስተዳደር የጥቁሮቹን ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ሲቀላቅል፣ ለረጅም ዘመን የኮብ የነበረው ከፍተኛ የመምታት አማካይ ወደ ጆሽ ጊብሰን ተላለፈ፦ ለጊብሰን .372፣ ለኮብ .367። መዝገቡ በሰባ ሰባት ዓመቱም ቢሆን ታርሟል፤ የካርድ ስብስቡን ግን ማረም አይቻልም። ወረቀቱ የታተመው ያኔ ነው፤ ያልታተመውም ያኔ ነው።

ስለዚህ የሮቢንሰንን የመጀመሪያ ካርዶች ሳይ በኅትመታቸው ጉድለት መሳቅ አልችልም። ሊፍ የተባለው የቺካጎ ማስቲካ አምራች ያወጣው ካርድ ቢጫ መደብ ላይ ፊቱን በጥቂት ጥቁር ጥላ ብቻ አስቀምጦ ከንፈሩን ቀይ ቀብቶታል። አታሚው ቢያዩት ደመወዝ የሚያስቆርጥ ነው ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በ1949 አንድ የነጭ ልጅ የጥቁርን ሰው ፊት በሳንቲም ገዝቶ፣ ወድዶት፣ ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞሯል፤ ይህ በዚያች አገር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው።

---

ተጠራጣሪው

መምህር፣ ስለ ጊብሰን የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእርስዎ ማስረጃ ግን የእኔን ሐሳብ የሚያጠናክር ይመስለኛል፤ ካርዱ የሚያስተምረን የታሪክ ሰነድ ስለሆነ ነው፣ ውብ ስለሆነ አይደለም። የዘመኑ የባቡር ትኬትም ጥቁሮች የት እንደሚቀመጡ ይነግረን ነበር፤ ትኬቱን ግን ሥዕል አንለውም።

አታሚው ስለ እጅ ሥራው ያሉትን ተቀብያለሁ። የሠለጠነ እጅ እንደነበረ አልክድም፤ የሠለጠነ እጅ ሁሉ ግን ሠዓሊ አይደለም። ለማነጻጸር ያህል፣ የሲንሲናቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1985 አንዲ ዋርሆልን የቤዝቦል ተጫዋቹን የፒት ሮዝን ምስል እንዲሠራ አዝዞት ነበር። ዋርሆል የሠራው የቤዝቦል ካርድ የሚመስል ትልቅ ምስል ነው፤ አንዱን ፊት በተለያየ ቀለም እየደጋገመ አሳይቶታል። ያ ኪነ ጥበብ ነው፤ ምክንያቱም ካርዱን ራሱን ርእሰ ጉዳይ አድርጎ አስቦበታል። ዋናው ካርድ ግን ስለ ራሱ የሚያስበው ነገር የለውም።

---

የወረቀት ወዳጅ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ተጠራጣሪው ስለ ዋርሆል ያነሡት ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድን ፊት በቀይና በአረንጓዴ መደብ ደጋግሞ ማሳየትን ዋርሆል ከመወለዱ በፊት ኮብን ያተሙት ሰዎች አድርገውት ነበር። እነሱ ስለ ሥራቸው ማብራሪያ አልጻፉም፤ ማብራሪያ ያልጻፈ ሁሉ አላሰበም ካልን ደግሞ ብዙ ሥዕል ከየግድግዳው ላይ ልናወርድ ነው። ሙዚየሙም ቢሆን በርዲክን የተቀበለው የዱሬርና የሬምብራንት ኅትመቶች በሚጠበቁበት በዚያው ክፍል ነው። ሜየር ቦታ አጥተው ያደረጉት አይመስለኝም።

ከፎቶግራፍ መገልበጥ ስለሚለው ደግሞ፣ ከቲ206 ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብለው «ኦልድ ጀጅ» በተባለ ሲጋራ የወጡትን ካርዶች ፈልጋችሁ እዩ። እነዚያ እውነተኛ ፎቶግራፎች ናቸው፤ ግን ካሜራው እንቅስቃሴን መያዝ ስለማይችል ተጫዋቹ በስቱዲዮ ውስጥ፣ በተሣለ መጋረጃ ፊት ቆሞ፣ ከጣሪያ በክር የተንጠለጠለች ኳስ ሊቀልብ እጁን ይዘረጋል። በአንዳንዶቹ ላይ ክሩ ይታያል። እኔ እነዚህን ካርዶች ሳይ እስቃለሁ፣ እወዳቸዋለሁም። ከሁለቱ ለእውነት የቀረበው ፎቶግራፉ ነው ወይስ ሥዕሉ ብባል ግን መልሱ አይቀለኝም።

አሁን ቃሌን አጥፌ ስለ ገንዘብ ልናገር፤ ሥዕሉን እንዳናይ የጋረደን እሱ ስለሆነ ነው። የሆነስ ዋግነር ቲ206 ካርድ ኅትመቱ ቶሎ ስለ ተቋረጠ ዛሬ ያሉት ስድሳ ገደማ ብቻ ናቸው። ዋግነር ሥዕሉ ከትምባሆ ጋር እንዳይወጣ የከለከለው ልጆች ካርዱን ብለው ሲጋራ እንዳይገዙ አስቦ ነው የሚሉ አሉ፤ ክፍያ ስላልተሰጠው ነው የሚሉም አሉ። ከእነዚህ ካርዶች አንዱ በ1991 ሶዝቢስ ባካሄደው ጨረታ በ451,000 ዶላር ተሸጠ፤ ከገዢዎቹ አንዱ የሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትስኪ ነበር። ካርዱ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየው ማዕዘኖቹ እንደ ምላጭ ስለታም፣ ኅዳጉ ንጹሕ በመሆኑ ነው። ደረጃ ሰጪው ድርጅት ፒኤስኤ ከ10 ውስጥ 8 ሰጠው፤ ድርጅቱ ደረጃ የሰጠው የመጀመሪያው ካርድም ይኸው ነው። በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

በ2013 ቢል ማስትሮ የተባለው የጨረታ ነጋዴ፣ ካርዱን በእጁ በነበረ ጊዜ ጠርዙን እንደ ከረከመው ለፍርድ ቤት አመነ። በ2015ም በጨረታ ማጭበርበር ክስ የ20 ወር እሥራት ተፈረደበት። ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው ንጽሕና የመቁረጫ ሥራ ነበር።

ይህ ታሪክ የሚያሳስበኝ በማጭበርበሩ ብቻ አይደለም። ካርዱን እንዲከረክም ያደረገው፣ ሰው ያልነካው ካርድ ሰው ከነካው ይበልጣል የሚለው የገበያው እምነት ነው። ይህ ለገንዘብ ኖት ይሠራ ይሆናል። ልጅ በኪሱ ይዞት የዞረ፣ ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ የተጫወተበት፣ በመጽሐፍ መካከል ያስቀመጠው ካርድ ግን ማዕዘኑ መዞሩ የታሪኩ ክፍል ነው። በርዲክ ካርዶቹን በአልበም ላይ የለጠፈው በሙጫ ነው፤ የዛሬ ሰብሳቢ ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። በርዲክ ግን የሚያስቀምጣቸው እንዲታዩ እንጂ እንዲሸጡ አልነበረም።

---

አታሚው

ለየእሑድ ገበያ፦ ምንም አላስቸገሩኝም፤ እንዲያውም ከክርክሩ ይልቅ ይህ ይቀለኛል።

መጀመሪያ በማስመሪያ ይለኩት፤ ከጠቀስነው መጠን በግልጽ የሚለይ ከሆነ ያጠራጥራል። ቀጥሎ አሥር ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ይፈልጉና ከሥዕሉ በታች ያለውን የተጫዋቹን ስም ይዩ። በእውነተኛው ካርድ ላይ ፊደሎቹ በአንድ ቀለም፣ ሳይቆራረጡ የታተሙ ናቸው። ኋላ የተባዛ ከሆነ ፊደሎቹ ራሳቸው በጥቃቅን የሰማያዊ፣ የቀይ፣ የቢጫና የጥቁር ነጥቦች ተከፋፍለው ያገኟቸዋል፤ ምክንያቱም የዛሬ ማሽን አሮጌውን ካርድ ፎቶ አንሥቶ ሁሉንም ነገር በአራት ቀለም ነጥብ ስለሚበትነው ነው። ወረቀቱ በመስኮት ብርሃን ሲያብለጨልጭም ጥርጣሬዎ ይጨምር። ቡናማ መሆኑ ግን አያታልልዎ፤ ሻይ ለዚህ ሥራ የሚውለው በእኛ አገር ብቻ አይደለም።

የስሙን አጻጻፍም ያንብቡ። ሼሪ ማጊ የተባለው የፊላደልፊያ ተጫዋች ስሙ በስሕተት ታትሞ፣ ስሕተቱ ታውቆ እስኪታረም ድረስ የወጣው ካርድ ዛሬ ውድ ነው። የዋግነር ከሆነ ደግሞ ደረቱ ላይ «ፒትስበርግ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የሚኖረው «ኤች» ፊደል የለበትም፤ ይህ ስሕተት አይደለም፣ ከተማዋ እስከ 1911 ድረስ በመንግሥት ውሳኔ እንደዚያ ትጻፍ ነበር።

---

የእሑድ ገበያ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጄን የትምህርት ቤት አጉሊ መነጽር ተውሼ አየሁት። ነጥቦቹ ቁልጭ ብለው ታዩ፤ ሰማያዊው ሳይቀር። ፎርጅድ ነው። በስድስት ዶላሬ ግን የልብስ ስፌት ሣጥኑ አለኝ፤ ከነመርፌው።

ይልቅ አሁን ጉዳዩ ስለ ያዘኝ ሌላ ልጠይቅ፦ የማስቲካዎቹ ካርዶችስ? ጀርባቸው ላይ ቁጥር ያለባቸውን አይቻለሁ። ቁጥሩ ለምንድን ነው?

---

የታሪክ መምህር

ቁጥሩ ልጁ ምን እንደ ጎደለው እንዲያውቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሳይታሰብ ትርጉም ይፈጥራል። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ባወጣው ባለ 407 ካርድ ስብስብ ውስጥ ቁጥር 311 ነጩ ኮከብ ሚኪ ማንትል፣ ቁጥር 312 ጃኪ ሮቢንሰን ነው። የሥዕሎቹ አሠራርም መነጋገሪያ ይሆናል፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ላይ ቀለም እየተቀባ የተዘጋጁ ናቸው። እነዚህ የመጨረሻ ቁጥሮች ወደ ገበያ የወጡት ልጆች ፊታቸውን ወደ እግር ኳሳቸው ባዞሩበት ወቅት ስለነበር ብዙ ሳይሸጥ ቀረ። ካርዶቹን የነደፈው ሳይ በርገር ራሱ እንደ ተረከው፣ በ1960 ትርፉን በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጣለው። ከተረፉት አንድ የማንትል ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ሮቢንሰን እዚያው ጎኑ ነበር፤ ወደ ባሕሩም አብረው ሳይገቡ አልቀሩም።

---

ተጠራጣሪው

ስለ ቁጥር ከተነሣማ፣ ለእኔ ወገን የሚረዳ ምርጥ ማስረጃ ስላለኝ ሳልናገር አላልፍም።

ጎውዲ የተባለው የቦስተን ማስቲካ አምራች በ1933 አንድ ስብስብ አወጣ፤ ቤብ ሩዝ ብቻውን አራት ካርድ ያለበት፣ ቀለሙ ደማቅ፣ እኔን እንኳ ሳልወድ በግድ የማረከኝ ስብስብ ነው። ቁጥሩ እስከ 240 ይሄዳል። ልጆቹ ማስቲካ እየገዙ፣ እርስ በርስ እየተለዋወጡ 105ን አገኙ፣ 107ንም አገኙ። 106 ግን የለም። ዓመቱን ሙሉ ማስቲካ ቢያኝኩም የለም፤ ምክንያቱም ኩባንያው 106ን አላተመውም ነበር። ልጆች ያልተሠራ ነገር ፍለጋ ሳንቲማቸውን ከፈሉ። የወረቀት ወዳጅ፣ ኪነ ጥበብ ብለው የጠየቁኝ ነገር የሚሠራው እንዲህ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1934፣ ቅሬታቸውን ጽፈው ለላኩ ሰዎች ኩባንያው 106ን አትሞ በፖስታ ላከላቸው። በካርዱ ላይ ያለው ናፖሊዮን ላዦዌ ነው፤ መጫወት ካቆመ ከ15 ዓመት በላይ የሆነው አዛውንት። ካርዱ ከደብዳቤው ጋር በአግራፍ ተያይዞ ይላክ ስለነበር፣ ዛሬ በእጅ ካሉት በብዙዎቹ አናት ላይ የአግራፉ ጠባሳ ይታያል። ገበያው በዚያ ጠባሳ ምክንያት ዋጋ ይቀንስባቸዋል።

የወረቀት ወዳጅ ስለ ተዞሩ ማዕዘኖች የጻፉትን ከትናንት ጀምሮ እያሰብኩበት ነው። ክርክሬን አልተውኩም። ሆኖም ከነዚህ ሁሉ ካርዶች አንዱን ይዘህ ሂድ ብባል፣ አግራፍ ያረፈበትን 106 ነው የማነሣው።